«ሶሪ» ማለት ጥፋትን ማመን ነው ወይስ ሕመምን መካፈል?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ነኝ። በቅርቡ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ሲወድቁ ደንግጬ ‹ሶሪ፣ ሶሪ› አልኳቸው። እርሳቸውም ግራ እንደተጋባ ሰው አይተውኝ ‹ጥፋቱ ያንቺ አይደለም› አሉኝ። ኃላፊዬ ደግሞ ‹ሶሪ ማለት ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው፤ ሆቴሉን ታስከስሻለሽ፣ ሁለተኛ እንዳትይ› ብለው ተቆጡኝ። በሌላ ቀን እናቴ ማረፏን የሰማች ደንበኛ ‹አይ አም ሶ ሶሪ› ስትለኝ ምን አጠፋች ብዬ ‹ኖ ፕሮብሌም› አልኳት፤ ፊቷ ተለዋወጠ። የቃሉ ትክክለኛ ትርጉም የትኛው ነው? ሐዘን ማለት ከሆነው ‹ሶሮው› የመጣ ነው የሚሉኝም አሉ፤ እውነት ነው? ቃሉን ጨርሼ ልተወው?»

ምላሽ፦ አይተዉት። ኃላፊዎ የነገሩዎት ከቃሉ ትርጉሞች አንዱን፣ ያውም ዘግይቶ የመጣውን ነው። እንግዳው የመለሱልዎትም በአገራቸው ልማድ እንጂ ቃሉ ሌላ ትርጉም ስለሌለው አይደለም። ከ«ሶሮው» የመጣ ነው የሚሉዎት ግን ተሳስተዋል፤ የሁለቱ ቃላት መመሳሰል የቋንቋውን ባለቤቶችም ሲያሳስት ኖሯል። በእርስዎ ንግግር የጎደለ ነገር ቢኖር ቃሉን ብቻውን መተውዎ ነው፤ እሱም በቀላሉ ይስተካከላል።

ከመሠረቱ ልጀምር። በአማርኛ «ይቅርታ» የምንለው «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። «ይቅር» ማለት ይተው፣ አይታሰብ ማለት ነው። ይቅርታ የሚል ሰው የበደለውን ሰው አንድ ነገር እየለመነ ነው፤ በደሌን ተውልኝ እያለ። ስለዚህ መልስ ይጠብቃል፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ወይም ቢያንስ «ምንም አይደለም» እስኪባል ነገሩ አላለቀም። በወሎ «አፉ በለኝ» ሲባልም እንደዚሁ ነው፤ ትርጉሙ ምሕረት ከሆነ የዐረብኛ ቃል የመጣ ልመና ነው። የእንግሊዝኛው «ሶሪ» ግን ማንንም ምንም አይለምንም። ቅጽል ነው። «አይ አም ሶሪ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአሠራሩ «አይ አም ሃንግሪ» ወይም «አይ አም ታየርድ» ከሚሉት አይለይም። እነዚያ መራብንና መድከምን እንደሚናገሩ ይህም የተናጋሪውን ልብ ሁኔታ ይናገራል፦ ከፍቶኛል፣ አዝኛለሁ፣ ተሰምቶኛል። ያሳዘነው የራሱ ጥፋት ይሁን የሌላ ሰው መከራ ቃሉ ብቻውን አይለይም። የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ቃልና የተነገረበት ጊዜ ነው። የእርስዎም የኃላፊዎም ግራ መጋባት የመጣው «ሶሪ»ን ሁልጊዜ «ይቅርታ» እያሉ ከመተርጎም ነው። በትምህርት ቤት የተማርነው እንደዚያ ስለሆነ ማንም አይወቀስበትም፤ ግን ትርጉሙ ግማሽ ነው።

አሁን ወደ አመጣጡ። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃሉ «ሳሪግ» ነበር። የተሠራውም «ሳር» ከሚለው ስም ነው፤ ትርጉሙ ሕመም፣ ቁስል ነው። «ሳሪግ» እንግዲህ ሕመም ያለበት፣ ልቡ የቆሰለ ማለት ነበር። «ሳር» ራሱም ዛሬ በሕይወት አለ፤ «ሶር» ሆኗል። የውጭ አገር እንግዳ ጉሮሮው ሲከረክረው «ሶር ስሮት» አለብኝ የሚለው እሱን ነው። የድምፁ ለውጥ እንዲያው የመጣ አይደለም። በአብዛኛው እንግሊዝ ጥንት ረዥም «ኣ» የነበረው ድምፅ በመካከለኛው ዘመን ወደ «ኦ» ተሻግሯል። ድንጋይን «ስታን» ይሉ የነበሩት «ስቶን»፣ አጥንትን «ባን» ይሉ የነበሩት «ቦን»፣ ቤትን «ሃም» ይሉ የነበሩት «ሆም» ያሉት በዚሁ ለውጥ ነው። ወደ ሰሜን፣ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ለውጡ በዚህ መልኩ ስላልደረሰ ሕመሙን ዛሬም «ሴር» የሚሉ አሉ።

«ሶሮው» ግን ሌላ ዘር ነው። ጥንታዊ ቅርጹ «ሶርግ» ነበር፤ ትርጉሙም ጭንቀትና ሐዘን። ጀርመኖች ጭንቀትን ዛሬም «ዞርገ» ይላሉ። መጨረሻው ላይ የነበረው «ግ» በእንግሊዝኛ ወደ «ው» ተለወጠ። ጠዋት ማለት የሆነው የጀርመኖች «ሞርገን» ዘመድ በእንግሊዝኛ «ሞሮው» ሆኖ ነገን በሚናገረው «ቱሞሮው» ውስጥ የተቀመጠውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። አንዱ ከቁስል፣ ሌላው ከጭንቀት ተነሥተው በትርጉም ተቀራረቡ፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ጎን ለጎን ሲነገሩም አንዱ በሌላው ላይ አሻራውን አሳረፈ። «ሶሪ» እንደ «ሶር» በረዥሙ ሳይሆን አጠር ብሎ መነገሩ የ«ሶሮው» ተጽዕኖ እንዳለበት የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች ይናገራሉ። አብረው ያደጉ ጎረቤታሞች በጠባይ ይመሳሰሉ ይሆናል፤ ወንድማማቾች ግን አይደሉም።

ይህ የሕመም ሥር በጀርመንኛ ያልተጠበቀ መንገድ ሄዷል። እዚያ «ዜር» ሆኖ «በጣም» ማለት ነው፤ በጣም ጥሩ ሲሉ «ዜር ጉት» ይላሉ። ሕመም እንዴት «በጣም» ይሆናል ብለው ቢጠይቁ መልሱ በእኛው አፍ አለ። «ክፉኛ ፈራ» ስንል ክፋት የለበትም፤ «ክፉኛ ወደዳት» ስንልማ ጨርሶ የለበትም፤ የስሜቱን ብርታት ብቻ እየተናገርን ነው። እንግሊዝኛም እንዲህ ያለ ነገር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2፣ እረኞቹ በታላቅ ፍርሃት መፍራታቸውን ሲናገር «ሶር አፍሬድ» ይላል። ይህንን የማነሣው የቃሉ ሥር ሕመም እንጂ ወንጀል እንዳልሆነ በደንብ እንዲታይልኝ ነው።

ታዲያ ጥፋት ከየት መጣ? ከአጠቃቀም። በሠራሁት ነገር ልቤ ታሟል የሚል ሰው ይቅርታ እየጠየቀ መሆኑን ሰሚው ይረዳል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ይቅርታው ከቃሉ ጋር እየተጣበቀ ሄደ። «አይ አም» የሚለው ተቆርጦ «ሶሪ» ብቻውን፣ እንደ አንድ ሙሉ የይቅርታ ቃል መነገሩ ደግሞ ከቃሉ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ የ19ኛው መቶ ዘመን ልማድ ነው። ዛሬ በእንግሊዝ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ትከሻቸው ቢነካካ ገፊውም ተገፊውም «ሶሪ» ይላሉ። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህንን ነው፦ ከቃሉ ቅርጾች ሁሉ ወደ ይቅርታ እጅግ የሚያደላው ይኸው አጭሩ፣ ብቻውን የሚነገረው «ሶሪ» ነው። እርስዎ ደረጃው ላይ ያሉትም እሱን ነው። እንግዳው «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ያሉትም ስለዚህ ነው፤ ሊቆጡዎት ሳይሆን ከማይገባዎት ጥፋት ሊያወጡዎት።

ወደ እኛ ልመለስ። ደሴ ሰኞ ገበያ በክረምት ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚመስል ያውቁታል። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ሲወርዱ ጭቃው ያዳልጣቸዋል፤ ድንቹ ቁልቁል ይንከባለላል። ሽንኩርት የምትመዝነው ልጅ ሚዛኗን ጥላ «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» እያለች ትሮጣለች። ከወዲያ በኩል ሌላዋ ጭቃ የነካውን ድንች በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «አብሽሩ እናቴ፣ አብሽሩ» እያለች ዘንቢሉ ውስጥ ትመልሳለች። ሁለቱም አልገፏቸውም። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ብሎ የሚመልስላቸውም የለም፤ ሊል የሚያስብም የለም። «እኔን» የሌላውን ጉዳት በእኔ ላይ ይሁን ብሎ ወደ ራስ መውሰድ ነው። «አብሽር» ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በመነሻው የምሥራች፣ ደስ ይበልህ የሚል ቃል ነው፤ በወሎ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በ«አይዞህ» ቦታ ይለዋል። እርስዎ ያን ቀን በልብዎ ያሉት ይህንን ነው። እንግሊዝኛ ለ«እኔን»ም ለ«አብሽር»ም በአንድ ቃል የሚመጥን ነገር ስለሌለው በአፍዎ የቀረበው «ሶሪ» ሆነ። በዚህ የሚያፍሩበት ምንም ነገር የለም።

እንዲህ የሚያደርጉትም እርስዎ ብቻ አይደሉም። በናይጄሪያና በጋና እንግሊዝኛ አጠገብህ ያለ ሰው እንቅፋት ቢመታው፣ ቢያስለው፣ ዕቃ ቢወድቅበት «ሶሪ» ይባላል፤ የተናጋሪው ጥፋት መኖሩን ማንም አይጠይቅም። በኬንያና በታንዛኒያ በስዋሂሊ «ፖሌ» የሚል ቃል አለ፤ የእኛን «አይዞህ» የሚመስል ነው፤ እዚያም ሰዎች እንግሊዝኛ ሲናገሩ በ«ሶሪ» ይተኩታል። ከሌጎስ ወይም ከናይሮቢ የመጣ እንግዳ ደረጃው ላይ ቢወድቅና «ሶሪ» ቢሉት አመስግኖዎት ይነሣል። በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች እንግሊዝኛ ደግሞ የለቅሶ ሥርዐት በሙሉ፣ ከቀብሩ እስከ ሐዘን መቀመጡ፣ «ሶሪ ቢዝነስ» ይባላል። በዚያ አጠራር ውስጥ ጥፋት የለም፤ የጥንቱ ሕመም ግን እንዳለ አለ።

እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹም ቢሆኑ የሐዘን ትርጉሙን አልጣሉትም። እነሱ የሚለዩት በቅርጽና በጊዜ ነው። መጥፎ ነገር በወሬ ሲሰሙ፣ ማለትም ሕመም፣ ሞት፣ ፈተና መውደቅ፣ ከሥራ መውጣት ሲነገራቸው፣ «አይ አም ሶሪ» ወይም ሞላ አድርገው «አይ አም ሶሪ ቱ ሂር ዛት» ይላሉ። ይህን በመስማቴ አዝኛለሁ ማለት ነው። ሰው ዓይናቸው እያየ ሲወድቅ ግን ከአፋቸው የሚወጣው ሌላ ነው፤ «ኦ ኖ! አር ዩ ኦል ራይት?» ይላሉ፤ ደህና ነህ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እርስዎ «ሶሪ»ን በመጀመሪያው ቦታ ሳይሆን በሁለተኛው ቦታ ላይ ስላስቀመጡት ነው ለእንግዳው ይቅርታ መስሎ የተሰማቸው።

የእናትዎን ማረፍ ሰምታ «አይ አም ሶ ሶሪ» ያለችዎት ደንበኛ እንግዲህ ያለችው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ነው፤ ወይም ወሎኛ እናድርገው ካልን «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ»። ለዚያ «ኖ ፕሮብሌም» ሲባል እናቴ መሞቷ ችግር የለውም የሚል ይመስላል፤ ፊቷ የተለዋወጠው ለዚህ ነው፤ ተቀይማ ሳይሆን ሳትደነግጥ አልቀረችም። ትክክለኛው መልስ «ታንክ ዩ» ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ማለት ከፈለጉ «ታንክ ዩ፣ ዛት ኢዝ ካይንድ ኦቭ ዩ» ይበሉ። ተመልሳ ከመጣች ያን ቀን ስላለችዎት ቃል ቢያመሰግኗት በደስታ ትቀበልዎታለች፤ ማብራሪያ መስጠት አያስፈልግዎትም። እርስዎም በተራዎ ሐዘን ለደረሰበት እንግዳ «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ማለት ይችላሉ፤ የተለመደና የተከበረ አነጋገር ነው።

ግን እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ አጥብቄ የምናገረውም ነው። «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» እና «ሶሪ ፎር ዩ» አንድ አይደሉም። «አይ አም ሶሪ ፎር ዩ» ወይም «አይ ፊል ሶሪ ፎር ዩ» ማለት ታሳዝነኛለህ ማለት ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚያይ ሰው ድምፅ አለበት። አንዳንዴም በጠብ ላይ ንቀት ሆኖ ይወረወራል። ሰው ላይ ሳይሆን በደረሰበት ነገር ላይ ይዘኑ። ቃሉ ከስም በፊት ሲመጣም ትርጉሙ ጨርሶ ይለወጣል። «ኤ ሶሪ ማን» ያዘነ ሰው ሳይሆን ምስኪን፣ የማይረባ ሰው ነው፤ «ኤ ሶሪ ስቴት» የሚያሳፍር፣ የተበላሸ ሁኔታ ነው። ያዘነ ሰው ለማለት ቃሉን ከስሙ በፊት አያምጡት፤ ሁልጊዜ ከ«አም»፣ ከ«ኢዝ» ወይም ከ«ፊል» በኋላ ይሁን።

ኃላፊዎ ወዳነሡት የክስ ጉዳይ ልለፍ። ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው አገሮች «ሶሪ ብሏል፤ ስለዚህ ጥፋቱን አምኗል» የሚል ክርክር ሰዎችን አሳስቧል፤ ሐኪሞች ታካሚያቸውን ማጽናናት፣ ሾፌሮች የገጩትን ሰው ማነጋገር የፈሩበት ጊዜ አለ። መፍትሔው ግን ቃሉን መከልከል አልሆነም። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ኦንታሪዮ በ2009 ይቅርታ መጠየቅ ወይም ሐዘንን መግለጽ በራሱ ኃላፊነትን እንደ ማመን እንዳይቆጠር በሕግ ደነገጉ። እንግሊዝም በዚያው በ2006 ባወጣችው የካሣ ሕግ ይቅርታ ብቻውን ቸልተኝነትን እንደ ማመን እንደማይወሰድ ጽፋለች። የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው «ሶሪ» እና «ጥፋተኛ ነኝ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በሕግ መጽሐፋቸው አስፍረዋል ማለት ነው። እነዚህ ሕጎች እዚህ አይሠሩም፤ የሆቴልዎን የኃላፊነት ጉዳይ የሚመልስልዎት የሕግ ባለሙያ ነው። ስለ ቋንቋው ግን ኃላፊዎ ያሉት አይጸናም።

የቃሉ ሁለት ፊት ምን ያህል ትልቅ ነገር ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2001 በደቡብ ቻይና ባሕር ላይ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላንና የቻይና ተዋጊ ጄት ተጋጩ። ቻይናዊው አብራሪ ጠፋ። የአሜሪካው አውሮፕላን ሃይናን ደሴት ላይ ያለ ፈቃድ አረፈ፤ 24ቱ ሠራተኞችም ተያዙ። ቻይና ይቅርታ ካልተጠየቅሁ አለች፤ አሜሪካ ያላጠፋሁትን አልጠይቅም አለች። ኤፕሪል 11 ቀን የተሰጠው ደብዳቤ ነገሩን የፈታው በ«ቬሪ ሶሪ» ነው። አሜሪካ በአብራሪው መጥፋት፣ እንዲሁም አውሮፕላኑ የቃል ፈቃድ ሳያገኝ በማረፉ «ቬሪ ሶሪ» መሆኗን ጻፈች፤ ለግጭቱ ግን ጥፋተኛ ነኝ የሚል አንድም ቃል አልነበረበትም። ዋሽንግተን ሐዘን ገለጽሁ አለች፤ ቤጂንግ ለሕዝቧ ይቅርታ እንደተጠየቀች አድርጋ አቀረበችው፤ ሰዎቹም ተለቀቁ። አንድ ቃል ሁለቱንም መሆን ባይችል ኖሮ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ባልተቻለ ነበር።

በአውስትራሊያ ደግሞ የቃሉ መኖርና አለመኖር ራሱ የፖለቲካ ጉዳይ ሆኗል። ከነባር ሕዝቦች ቤተሰቦች ልጆች በመንግሥት ተነጥቀው ስለተወሰዱበት ዘመን ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1999 «ጥልቅ ጸጸት» (በእንግሊዝኛው «ሪግሬት») የሚል ውሳኔ አሳለፈ። ለተበዳዮቹ አልበቃም። የጠበቁት ሌላ ቃል ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2008 በፓርላማ ቆመው «ዊ ሴይ ሶሪ» ሲሉ አዳራሹ ውስጥም ውጭም ያሉት አለቀሱ። «ሪግሬት» የሚለው የመጽሐፍ ቃል ነው፤ ሰው ከልቡ ርቆ ሊናገረው ይችላል። «ሶሪ» ግን ሕመሙ እኔም ጋ አለ የሚል ስለሆነ የሚፈለገው እሱ ሆነ። ይህን ቃል ከእርስዎ አፍ ለማስቀረት መሞከር ትክክል አይደለም የምለውም ለዚህ ነው፤ ከተጎዳ እንግዳ ፊት በዝምታ የቆመ አስተናጋጅ ሆቴሉን አይጠቅምም።

በሥራዎ ላይ የሚገጥሙዎትን ሌሎች አጠቃቀሞች በአጭሩ ላንሣ። እንግዳ ድምፁን መጨረሻው ላይ ከፍ አድርጎ «ሶሪ?» ካለዎት አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ ማለቱ ነው፤ የእንግሊዞች ልማድ ነው፤ አሜሪካኖች በዚህ ቦታ «ኤክስኪዩዝ ሚ?» ማለት ይወዳሉ። ክፍል ሲያልቅብዎት «ሶሪ፣ ኖ ሩም» አይበሉ፤ ደረቅ ነው። «አይ አም ሶሪ፣ ዊ አር ፉል ቱናይት» ሲሉት የማዘን ስሜቱ ይሰማል። ሰው አልፈው መሄድ ሲፈልጉ ከመንካትዎ በፊት «ኤክስኪዩዝ ሚ»፣ ከነኩ በኋላ «ሶሪ» ነው። ዘግይተው ሲደርሱ «ሶሪ ፎር ሌት» የሚለውን ይተዉ፤ «ሶሪ አይ አም ሌት» ይበሉ። «አይ ሶሪ» የሚል ነገርም የለም፤ ግስ አይደለምና «አም»ን አይንጠቁት።

ጥፋቱ የእውነት የእናንተ ሲሆንስ? የተያዘ ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጥቶ፣ ሒሳብ ተሳስቶ፣ ልብስ ተቃጥሎ ሲገኝ «ሶሪ» ብቻውን አይበቃም። ያኔ «አፖሎጃይዝ» የሚለው ግስ አለ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ ማለት ነው፤ ለአማርኛው ይቅርታ ከ«ሶሪ» ይልቅ የሚቀርበው እሱ ነው። የሚገርመው «አፖሎጂ» በመነሻው ይቅርታ አልነበረም። የግሪክ ቃል ነው፤ በፍርድ ቤት ራስን ለመከላከል የሚደረግ ንግግር ማለት ነበር። ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም መጀመሪያ መከላከያ ነበር፤ ቆይቶ ነው ጥፋትን ማመን የሆነው። «ሶሪ» ከሕመም ተነሥቶ፣ «አፖሎጂ» ከክርክር ተነሥቶ አንድ ቦታ ተገናኙ። ለጽሑፍና ለከባድ ጥፋት «አፖሎጃይዝ»፣ ለፊት ለፊትና ለልብ ነገር «ሶሪ» ይበጃል። በሁለቱም ግን «ኢፍ» አያስገቡ። «አይ አም ሶሪ ኢፍ ዩ አር አንሃፒ»፣ ማለትም ካልተደሰቱ አዝናለሁ የሚል አባባል ቅሬታ ላመጣ እንግዳ ስድብ ነው፤ አለመደሰቱን ነግሮዎታልና የሚጠራጠሩት ነገር የለም።

ምክሬ ይህ ነው፦ «ሶሪ»ን ይበሉ፤ ግን ብቻዋን አይተዋት። ሰው ፊትዎ ሲወድቅ መጀመሪያ «አር ዩ ኦል ራይት?» ይበሉ፤ እጅዎን ይስጡ፤ ወንበር ያቅርቡ። ከዚያ «አይ አም ሶሪ ዩ ፌል» ይበሉ፤ መውደቅዎ አሳዘነኝ ማለት ነው። በዚህ ቅርጽ ያዘኑበት ነገር በግልጽ ስለተነገረ ይቅርታ ነው ብሎ የሚሰማው ሰው ይቀንሳል፤ የወሎ ልብዎም ሳይሸፈን ይታያል። መጥፎ ዜና ሲሰሙ «አይ አም ሶሪ ቱ ሂር ዛት»። ስለ ጫጫታ፣ ስለ መዘግየት ከሆነ «ሶሪ አባውት» ወይም «ሶሪ ፎር» ብለው ነገሩን በስሙ ይጥሩት። ስለ አደጋው ለኃላፊዎ ሪፖርት ሲጽፉ ደግሞ የስሜት ቃል አያስፈልግም፤ ስንት ሰዓት፣ የትኛው ደረጃ፣ ወለሉ እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ ምን እርዳታ እንደተሰጠ ብቻ ያስፍሩ። ማን አጠፋ የሚለውን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በኮምቦልቻም በደሴም በብዙ ሆቴሎች ግድግዳ ላይ የማየው ነው። ውሃ ወይም መብራት ሲጠፋ «ሶሪ ፎር ዘ ኢንኮንቪኒየንት» ተብሎ ይለጠፋል። «ኢንኮንቪኒየንት» ቅጽል ስለሆነ ከ«ፎር ዘ» በኋላ አይገባም፤ «ሶሪ ፎር ዘ ኢንኮንቪኒየንስ» ነው ትክክሉ። ወረቀቱን ሲቀይሩ ውሃው ይመለሳል የተባለበትንም ሰዓት ከሥሩ ይጻፉበት።